መዝሙራችንን የሸፈኑት ሁለት ሳጥኖች

የስፒከሩን ሳጥን የጀርባ ክዳን ፈትቼ ሳነሣው ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ የአሮጌ ኮላ፣ የታመቀ አቧራና የበሰበሰ ስፖንጅ ሽታ፣ ከሥሩም፣ ምናልባት ለእኔ ብቻ የሚሸተኝ፣ የደሴ ክረምት እርጥበት። ኮምቦልቻ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮው እስኪንጣጣ ትሞቃለች፤ እኔ ግን ጭንቅላቴን ከሳጥኑ ውስጥ ከትቼ የልጅነቴ ብርድ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር። በትልቁ ስፒከር ዙሪያ የተለጠፈው ጥቁር ስፖንጅ ጣቴ ገና ሲነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረና ከጥፍሬ ሥር ገባ፤ በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ ብሎኝ በማግስቱ መሥሪያ ቤት ጣቶቼን ስደብቅ ዋልኩ።

አባቴ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ ሆኖ ያየኛል። የደሴ ብርድ ለደረቱ አይሆንም ከተባለ ወዲህ እዚህ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ ከአልጋው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ አልጋው። እኔም ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት። ማን ማንን እንደሚጠብቅ አንዳንዴ ግራ ይገባኛል። ወንድሞቼ ከሩቅ አገር ስልክ እየደወሉ «አንቺ ስላለሽለት ሐሳብ የለብንም» ይሉኛል፤ ምስጋና መሆኑን አላጣሁትም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ከውጭ በር ሲቆለፍብኝ የሰማሁ ይመስለኛል። አላገባሁም፤ ለምን አላገባሽም የሚለኝም ሰው ከጠፋ ቆየ።

«ሞተ እንዴ?» አለኝ አባቴ ወደ ሳጥኑ እያየ።

«አልሞተም፤ እንዳንተ ደረቱ ነው የተጎዳው» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁም እንደ ልማዱ ሳል ሆኖ ቀረ።

ስፒከሮቹን ከሳጥናቸው አውጥቼ በነጠላ ጠቀለልኩና በሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን ስደግፋቸው አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ድፎ ዳቦ መስሏቸው «ለማን ልደት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰኞ ገበያ ከሰው ጋር እየተጋፋሁ ሄጄ ሰዒድ የሚባል ቴክኒሻን ሱቅ ደረስኩ። ሰዒድ ልጅ እግር ነው፤ ስፒከሮቹን አገላብጦ አየና እንደ ሐኪም ቤት ሰው ፊቱን አከበደ።

«እትዬ፣ ወላሂ ከሚደክሙ አንዲት ትንሽ አዲስ ነገር ይግዙ፤ በስልክዎ ያዟታል፣ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትጮሃለች» አለኝ። እኔ የምፈልገው እነዚህን ሳጥኖች መሆኑን ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ ወደ ጓዳው ገባ፤ በስፋታቸው የሚመጥኑ፣ ማግኔታቸው ግን እጥፍ የሚከብድ አዳዲስ ስፒከሮች ይዞ ተመለሰ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ከድሮው ስለማይገጥም ሳጥኑን በአዲስ መብሳት እንዳለብኝ አሳየኝ። ቀጭኑን ድምፅ ለምታወጣው ለትንሿ ስፒከር፣ ለትዊተሯ፣ ጉልበቷን የሚቀንስ እቃ በየደላት። «አዲሷ ባለጌ ናት፤ ካልተገራች ሁሉን ትጮህበታለች፤ አብሽሩ፣ አሁን ከትልቁ ጋር ትግባባለች» አለኝ።

ይኼን ሁሉ የምደክመው ለሙዚቃ ፍቅር ብዬ እንዳልሆነ ለሰዒድ አልነገርኩትም። ነገሩ ይኼ ነው፤ አባቴ ሲዘምር ሰምቼው አላውቅም። ደሴ ውስጥ ጠጉራቸው የሸበተ የእምነታችን ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር «እንደ አባትሽ ያለ ድምፅ አልሰማንም» ይሉኛል፤ አንዳንዶቹም ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ የአብራኩ ክፋይ፣ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያደግሁ፣ አንዲት ስንኝ አልሰማሁም። አሁን ደረቱ ከዕለት ወደ ዕለት እየጠበበ ነው። ሳይሄድብኝ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቁጥር እንኳን ቢሆን መስማት እፈልጋለሁ፤ ለዚያ ደግሞ እነዚህ ሁለት ሳጥኖች የግድ ያስፈልጉኛል።

ሳጥኖቹ ወደ ቤታችን የመጡት ከመጠጥ ቤት ነው። እንደኛ ላለ የጴንጤ ቤተሰብ ከዚህ የባሰ አመጣጥ የለም። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው ከመሸ ሰው አላስወጣ ሲል አንድ የደሴ ቡና ቤት ተዘጋ፤ ባለቤቱ እቃውን ሲሸጥ አባቴ ስፒከሮቹን ከነካሴት ማጫወቻቸው ገዝቶ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ቁመታቸው እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር፤ አናታቸው ላይ የቢራ ብርጭቆ ያተማቸው ክብ ክብ ምልክቶች አሉ። እናቴ እያማተበች፣ ማለቴ እኛ አናማትብም እንጂ የሚያማትብ ሰው ፊት እያሳየች፣ በሰም ፈተገቻቸው፤ አልለቅ ሲሏት ራሷ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰቻቸው። ዳንቴል ለብሰው ሳሎን ጥግና ጥግ ሲቆሙ ሁለት ንስሐ የገቡ ሰካራሞች ይመስሉ ነበር።

አባቴ አላበደም። ቤተ ክርስቲያናችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ታሽጎ ነበር። ምእመናኑ በየቤቱ ተሸሽገው ይጸልያሉ፤ የእሑድ ከሰዓቱ ተራ የእኛ ቤት ነው። ቤታችን ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ሳሎንና ጓዳ ብቻ የሆነ ቤት ነው። ሰዎቹ አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ፤ አንዷ የሚሰፋ ልብስ ይዛ፣ አንዱ የሚጠገን ፋኖስ አንጠልጥሎ፣ ጫማቸውንም በር ላይ እንዳይታይ ይዘውት ጓዳ ይገባሉ። ጸሎቱን በሹክሹክታ መጸለይ ይቻላል፤ ችግሩ መዝሙሩ ነው። በተለይ የአባቴ ድምፅ አልታፈን አለ። ያለ መዝሙር ይቅር እንዳይባል ደግሞ ሰዎቹ ዳገቱን የሚወጡት ለመዝሙሩ ነው። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ዘፈን ይጮሃል፣ ጓዳ ውስጥ ይዘመራል ተባለ።

ዘፈን በእኛ ቤት ኃጢአት ነበር። መንገድ ላይ ዘፈን ሲሰማ እናቴ እጄን ጎትታ እርምጃዋን ታፈጥን ነበር። አሁን ያው ዘፈን የጌታን ስም እንዲሸፍን ሲፈለግ ማን አጠገቡ ይቀመጥ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ሆነ። አዋቂዎቹ ለጸሎት ይፈለጋሉ፣ ወንድሞቼ ገና ነፍስ አላወቁም። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ ካሴት መገልበጥ እችላለሁ፣ ሰው ቢመጣ መመለስ እችላለሁ፤ ስለዚህ በእኔ ላይ ተፈረደ። አባቴ ራሴ ላይ እጁን ጭኖ «ጆሮሽን ዘግተሽ ተቀመጪ» አለኝ። ከዚያ ከጓዳው በኩል በሩ ተዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ ማለት ለእኔ የዚያ በር መዘጋት ነበር።

አሠራር ነበረን። ካሴት አንድ ፊቱ ሲያልቅ እስኪገለበጥ ድረስ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ በዚያች ጸጥታ መዝሙሩ ከተሰማ አለቀልን። ስለዚህ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል እኔ የጓዳውን ግድግዳ በክርኔ ደቃ ደቃ አደርጋለሁ፤ እነሱ የደረሱበት ቃል ላይ፣ አንዳንዴ ቃሉን ከመሐል ቆርጠው፣ ቀጥ ይላሉ። ካሴቱን ገልብጬ ዘፈኑ ሲጀምር ካቆሙባት ፊደል ይቀጥላሉ። «ሃሌ» ብለው አቁመው «ሉያ» ለማለት የሚጠብቁበት ጊዜ እንደነበር እናቴ እየሳቀች ነግራኛለች። ይኼን ለምደውት ስለነበር የማንንም ፊት ባያይ እንኳን ማንም አይሳሳትም ነበር ይባላል። እኔ አላየሁም፤ እኔ ያየሁት ግድግዳውን ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ሉባባ ሙስሊም ናቸው፤ አጥራቸው ከአጥራችን ይጋጠማል፤ የምናደርገውን ሁሉ ያውቁ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አባቴን ጠሩት።

«ወላሂ ሴቶቻችሁ ይሰማሉ» አሉት። «የወንዶቹን ከበሮው ይሸፍንላችኋል፤ የሴቶቹ ግን እንደ መርፌ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ነግሬያችኋለሁ፣ በኋላ ሉባባ ሰምታ ዝም አለች እንዳትሉ።»

አባቴ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ስለነበር እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። ሳጥኖቹን ፈቶ ሲያይ ትዊተሮቹ ሁለቱም ተቃጥለዋል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ስለሌለ የሴቶቹን ቀጭን ድምፅ የሚሸፍንም የለም። ኮምቦልቻ ወርዶ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አዲስ ትዊተሮች፣ እግረ መንገዱንም ማግኔታቸው ወፈር ያለ ትልልቅ ስፒከሮች ይዞ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ሳሎን መሬት ላይ ተንበርክኮ ሲበይድ፣ ሲለጥፍ፣ ሲያዳምጥ ከረመ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በመጀመሪያው ሙከራ ግን የአንዱን ሳጥን ሽቦ ገልብጦ አሠረውና አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ወፍራሙ ድምፅ ድራሹ ጠፋ። እሑድ አልፎ ሰኞ እትዬ ሉባባ በቀዳዳው ብቅ ብለው «ዛሬ ደግሞ ሴቶቹ ገቡ፣ ወንዶቹ ወጡ፤ ኧረ አንዱን ወስኑ!» አሉ። እኔ ያን እሑድ እንደታዘዝኩት ጆሮዬን ዘግቼ ስለነበር የወጣውን አልሰማሁም። አባቴ ሽቦውን መለሰና ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም ያን ጊዜ ነው። በቀጣዩ እሑድ ካሴቱን ሳስነሣ የወጣው ድምፅ የማውቀው ድምፅ አልነበረም። የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ፣ ከበሮው ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲመታ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተለይቶ ይሰማል። ጆሮሽን ዝጊ የተባልኩት ልጅ እጄ እንኳን ወደ ጆሮዬ አልሄደም፤ ቃሉን ሁሉ በዚያ ወቅት ነው በልቤ የያዝኩት፣ እስከ ዛሬም አልጠፋኝም። በጓዳ በኩል ምንም አይሰማም ነበር። አባቴ ሊሸፍን የፈለገውን ሁሉ ሸፍኖታል። አንድ ነገር ብቻ አላሰበም፤ ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ቤት እንደሌለ አላሰበም።

መጀመሪያ ሁለት ጎረምሶች መስኮታችን ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ውስጥ ዳገቱን ሞልቶ የሰው ጭንቅላት ታየኝ፤ አንዱ እስክስታ ይወርዳል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ጓዳ ውስጥ ደግሞ በዚያ ቀን ከእስር ከተፈቱ ገና ጥቂት ቀናቸው የሆነ አንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ ከሐርቡ በኩል መጥተው ነበር፤ ዳግመኛ ስብሰባ ላይ ቢገኙ መውጫ የላቸውም። እኔ ሳሎን መሐል ቆሜ ተጨነቅሁ። ዘፈኑን ባቆመው መዝሙሩ ይሰማል፤ ካላቆምኩት ሰዉ እየበዛ ይሄዳል። በልጅ አእምሮዬ የታየኝ መንገድ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ዝግ ነበሩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በሩን ገፍቶ ገባ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሳቁም የሚያስፈራ ሰው ነበር። እኔን ሳይሆን ሳጥኖቹን ሰላም አለ ብል ይቀለኛል፤ ዙሪያቸውን ዞረና የአባቴ ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ለጓዳው ግድግዳ ሰጥቶ፣ ዘፍ አለ።

«ጎበዝ! ይኼ ቤት ነቃ ማለት ነው!» አለኝ። «አባትሽ ያንን መጤ ሃይማኖት ተወው አይደል? እኔ ድሮም ይተዋል ብዬ ነበር፤ የሠራተኛ ልጅ ነው። የት አለ?»

«ታሟል፣ ተኝቷል» አልኩ።

«በዚህ ጩኸት?»

«ዘፈን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔ ካሴቱ ላይ ነው፤ የቀረው ክር ቀጥኗል፣ የመጨረሻው ዘፈን መሐል ደርሷል። ግድግዳውን መደቃት አለብኝ፤ ግድግዳውን ሊቀ መንበሩ ተደግፎታል። ከዚያ እግሬ በራሱ የተነሣ ይመስለኛል፤ ሳሎን መሐል ወጥቼ እስክስታ ጀመርኩ፤ በየምቱ ጣውላውን በተረከዜ እየደቃሁ፣ ግድግዳው ላይ በምመታው አመታት። ጨፍሬ አላውቅም ነበር፤ መስኮት ላይ ሆኖ የሰውን ጭፈራ ማየት በቂ ትምህርት ሆኖኛል መሰለኝ ትከሻዬ አልሰነፈም። ሊቀ መንበሩ ማጨብጨብ ጀመረ። ዘፈኑ አለቀና ካሴቱ ቀጭ አለ። ጸጥ አለ። ከጓዳው ትንፋሽ እንኳን አልተሰማም። ካሴቱን ገለበጥኩት፤ እሱም «እረፊ እንጂ፣ ልጅቷ!» አለኝ።

አላረፍኩም። የሚያርፍበት ጊዜ ያለው እሱ ነው። እስኪጨላልም ድረስ ተቀመጠ፤ እኔም ካሴት ባለቀ ቁጥር ጨፈርኩ። ጓዳ ውስጥ ያሉት በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ እኔ ሳላውቅ መዝሙሩንም ትተው፣ እግራቸው እስኪደነዝዝ እንደቆሙ ቆዩ፤ አንዲት እናት ልጇን ጡቷ ላይ እንደለጠፈች፣ ሽማግሌው ወንጌላዊ ሳላቸውን በነጠላ ጫፍ አፍነው። ሊቀ መንበሩ ሲወጣ «እሑድ እመጣለሁ» አለኝ። ሰዎቹ በጓሮ በኩል አንድ አንድ እያሉ ተበተኑ። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም፣ ስለዳንን ይሁን ስለጨፈርኩ። አባቴም እራት ሲቀርብ ከራሱ ድርሻ ቆርሶ አጎረሰኝ።

ሊቀ መንበሩ ቃሉን አላጠፈም፤ እሑድ እሑድ መጣ። ጓዳችን ለጸሎት መሆኑ ቀረ። ያን ጊዜ እትዬ ሉባባ በአጥሩ ቀዳዳ «እኔ ጋ ግቡ፤ እኔን ሙስሊሟን ጴንጤ ሰብስባለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? አሏህ ይከተናል!» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ጸሎቱ ወደ እሳቸው ቤት ዞረ፤ የእኛ ሳጥኖች ጩኸት እስከዚያ ድረስ ስለሚደርስ ለእሳቸውም ቤት ሽፋን ሆነ። እንግዲህ ዘፈኑ መቆም የለበትም፣ ሊቀ መንበሩም ብቻውን መቀመጥ የለበትም። እናትና አባቴ «ለቅሶ ልንደርስ ነው»፣ «በሽተኛ ልንጠይቅ ነው» እያሉ በጓሮ ይሾልካሉ፤ እኔ ሳሎን ውስጥ ከሰውዬውና ከሳጥኖቹ ጋር እቀራለሁ። ቀድሞ በእኔና በአባቴ ድምፅ መካከል አንድ ግድግዳ ነበር፤ አሁን ሁለት ግድግዳና አንድ አጥር ሆነ። እኩዮቼ በዚያ ዕድሜያቸው የሠሩትን ሁሉ፣ ገበያ መውረዱን፣ ጦሳ ተራራን መውጣቱን፣ እኔ በመስኮት አየሁት። ለሰዎቹ መዳን ጠቅሜያለሁ ብዬ እጽናናለሁ፤ እውነት ነው፤ ግን ማንም ትችያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

መንግሥት ተለወጠና ቤተ ክርስቲያናችን ተከፈተ። የመጀመሪያውን እሑድ አልረሳውም። ሰዉ እንባውን እያፈሰሰ በሙሉ ድምፁ ሲዘምር እኔ ቃሉን አላውቀውም፤ አፌ ላይ የሚመጣልኝ ዘፈን ነው፤ እሱን ደግሞ እዚያ አልችልም። የድሮዎቹ፣ የጓዳችን ሰዎች፣ በመዝሙሩ መሐል ድንገት ቀጥ ይሉና ወጣቶቹ ግራ ገብቷቸው ዞር ብለው ያዩአቸው ነበር። እኔ ግን የማየው አባቴን ነው። ዛሬስ እሰማዋለሁ ብዬ ከአጠገቡ ቆሜያለሁ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ምን ሆንክ ብትለው «ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ» አላት። ከዚያ በኋላም በየእሑዱ ሄደ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ፤ አልዘመረም። ሳጥኖቹ ከእንግዲህ ምን ያደርጋሉ ተብሎ በጆንያ ተጠቅልለው፣ ተጋድመው አልጋ ሥር ገቡ።

አሁን ያ ቤት የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ባለፍኩ ቁጥር ሳሎናችን የቱ ጋ እንደነበር እየለየሁ ለማየት እሞክርና ያደናግረኛል። እናቴ አረፈች፤ እትዬ ሉባባም አረፉ፤ በቀብራቸው ዕለት የእኛ ሰዎች ከመስጊዱ ሰዎች እኩል አለቀሱ። ከጓዳችን ሰዎች እዚህ ኮምቦልቻ ያለው አባቴ ብቻ ነው። የኮምቦልቻው ወጣት ፓስተራችን መጥቶ ሲጠይቀው «አባ፣ አንድ መዝሙር አብረን እንዘምር?» ይለዋል፤ አባቴ ፈገግ ይልና «እናንተ ዘምሩ» ይለዋል። ያረጀ፣ የረሳ ይመስላቸዋል። እኔ ነኝ አንድ ቀን እንደ ዋዛ ያሰብኩት፤ ይኼ ሰው የረሳው መዝሙሩን ሳይሆን ያለ ሽፋን መዘመርን ቢሆንስ?

እንግዲህ አዲሶቹን ስፒከሮች ከሳጥኖቹ ገጠምኩ። ሰዒድ እንዳሳየኝ አዲስ ቀዳዳ በስቼ፣ ሽቦውን ሳላገለባብጥ፣ ዙሪያውን አየር እንዳያሾልክ ደፍኜ። መጀመሪያ የከፈትኩለት መዝሙር ነበር። በጨዋነት አዳመጠና «ጥሩ ይዘምራሉ» አለ፤ አፉን አልከፈተም። ከዚያ ከስልኬ የዚያን ዘመን ዘፈን ፈልጌ ለቀቅኩት። አባቴ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ከፍ አድርጊው» አለኝ።

ከፍ አደረግሁት። «አሁንም» አለ። የመስኮቱ መስታወት መንዘር ጀመረ፤ የጊቢው ልጆች ኳሳቸውን ትተው በር ላይ ቆሙ። ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የአንገቱ ሥር ተወጠረ፣ ያ የደከመ ደረቱ ወጣ ገባ አለ፣ መዳፉ ጉልበቱ ላይ ዘፈኑ የማያውቀውን ሌላ ምት ይመታ ጀመር። አባቴ እየዘመረ ነው። ተንደርድሬ አጠገቡ ተንበረከክሁ፣ ጆሮዬን አፉ ድረስ አስጠጋሁት፤ ትንፋሹ ጉንጬን ሞቀኝ፤ ቃሉ ግን አልደረሰኝም። ስፒከሮቹ ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ፤ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ የሚያመልጥበት ቦታ አልተዉም።

እጄን ሰድጄ ድምፁን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ቀነስ አደረግሁት። ወዲያው አፉን ዘጋ፤ ዓይኑን ገልጦ በሩን አየ።

«ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም፣ አባዬ። የሚመጣ የለም። ዘምር፤ እኔ ነኝ ያለሁት፣ እኔ ልስማህ።»

አየኝ። የምለው የገባው መሰለኝ፤ ሊሞክርልኝም ፈለገ፤ ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ምንም አልወጣም። «አልችልም፣ ልጄ» አለኝ። በሕይወቴ ይቅርታ የጠየቀኝ ያኔ ብቻ ነው።

ብቀንሰው ያቆማል፤ ካልቀነስኩት አልሰማውም። ልጅ ሆኜ ሳሎን መሐል ያስጨነቀኝ ነገር ሰዎቹ ሲድኑ አብሮ ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ አላለፈም፤ እነዚያን ሁሉ ሰዎች አድነን እኔና እሱ እዚያው ቀርተናል። የአባቴን ድምፅ ሳልሰማ እንደምቀብረው አወቅሁት፤ አለቀስኩ። ከዚያ ድምፁን እንደገና ከፍ አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እኔም መሬት ላይ ተቀምጬ መዳፌን ደረቱ ላይ አኖርኩና ሲንቀጠቀጥ በእጄ ያዝኩት።